ዲዘርቴሽን ፈልጋችሁ አጣችሁ? እስቲ ከየት እንደተበላሸ እንየው

የተማሪ መታወቂያዬን ካስረከብኩ ቆየሁ። የማስተርስና የፒኤችዲ ጽሑፎች ማንበብ ግን አልተውኩም። ባለፈው አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ወዳጄ «ተማሪ ካልሆንክ እኮ አይሰጡህም» አለኝ። ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአፈላለጋችን ነው።

«ፈለግኩ፣ ምንም አልመጣም»

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ ክፍት ነው፣ አብዛኛውን ያለ ፓስወርድ ታወርዳላችሁ፤ ግን ጸሐፊው የጻፈውን ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ስለ መርካቶ ስፈልግ አንድ ከሰዓት አቃጥያለሁ። በኬ ስጽፈው ጥቂት መጣ፣ በሲ ስጽፈው ሌላ መጣ፣ ከኤም ቀጥሎ ያለውን ኢ ወደ ኤ ስቀይረው ደግሞ ቅድም ድራሹ ያልነበረ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጉለሌም በአንድ ኤል ይጻፋል፣ በሁለትም። ሁሉንም ሞክሩ፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ቀጥሎ የሰው ስም። ጸሐፊዋ አልማዝ ከበደ ብትሆን እኛ አልማዝ ብለን እንፈልጋታለን፣ የፈረንጁ መዝገብ ግን አባቷን የቤተሰብ ስም አድርጎ «ከበደ፣ አልማዝ» ብሏት ቁጭ። ገልብጡት። ጽሑፉ ከአብዮቱ በፊት የነበረ ከሆነ ደግሞ የግቢው ስም ራሱ ሌላ ነው፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ። ዓመቱንም ልብ በሉ፤ 1985 የሚለው የእኛ ነው የእነሱ?

«ርዕሱ አለ፣ ፋይሉ አይከፈትም»

ወይ ሰርቨሩ ተኝቷል፣ ወይ ጽሑፉ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይታይ ታግዷል። ሰርቨር ከሆነ ማታ ሞክሩ። ካልሆነ ሙሉ ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ስኮላር (የጉግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ጣሉት፤ በስተቀኝ ፒዲኤፍ የሚል ሊንክ ካለ እሱን፣ ከሌለ ከሥር ሌሎች ቅጂዎችን የሚያሳየውን ተጫኑ። የታገደ ከሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፉለት። ሁለት መስመር ይበቃል። ዓመታት የለፋበትን ሥራ አንብቡልኝ ባይ ነው እንጂ አትንኩብኝ የሚል ብዙ አላጋጠመኝም።

«ዶላር ጠየቀኝ»

ፕሮኩዌስት ላይ፣ ዲዘርቴሽን በክፍያ የሚያቀርበው ድረ ገጽ ላይ ገብታችኋል ማለት ነው። አትክፈሉ፣ ርዕሱን ብቻ ቅዱና ውጡ። ኦኤቲዲ (OATD) የሚባለው መፈለጊያ በነፃ የሚነበቡትን ብቻ ነው የሚያወጣው፣ እዚያ ጀምሩ። ቀጥሎ ጸሐፊው የተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ የራሱ ማከማቻ ውስጥ እዩ። የእንግሊዞቹን የዲዘርቴሽን መዝገብ ኢቶስን የለመዳችሁ ከሆነ፣ ባለቤቱ የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2016 በሳይበር ጥቃት ሲመታ አብሮ ነው የወደቀው፤ ስለዚህ ለእንግሊዝ ጽሑፎችም በቀጥታ ወደየዩኒቨርሲቲው ሂዱ። ለምሳሌ ለንደን ያለው ሶአስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ብዙ የቆዩ ዲዘርቴሽኖች አሉት።

«ወረደልኝ፣ ውስጡ ቃል መፈለግ ግን እምቢ አለ»

ስካን ነው፣ ማለትም ፎቶ። ማውጫውን እያያችሁ በገጽ ሂዱ።

«ኢንተርኔት ላይ ጭራሽ የለም»

በታይፕ የተመቱት አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ብቻ ናቸው። ያኔ ስድስት ኪሎ መውጣት ነው፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። ባዶ እጅ ግን አትሂዱ። አንድ ግቢ በር ላይ «ምን ፈልገህ ነው?» ሲሉኝ «ላነብ» ብዬ ተመልሻለሁ። በሌላ ቀን ከመሥሪያ ቤቴ የትብብር ደብዳቤ፣ መታወቂያና የጽሑፉን ሙሉ ርዕስ በብጣሽ ወረቀት ይዤ ስሄድ ያው ጥበቃ «በዚህ ግባ» አለኝ።

ዳታ ያለቀበት ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለለት። በ2014 የተከፈተ ነው፣ ለሁሉም ክፍት። ፍላሽ ያዙ።