«ጨጓራ ነው» ሲሉሽ ቀን ቁጠሪ

አክስቴ ሰባት ወር ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ዋጠች። መጀመሪያ ኦሜፕራዞል፣ ከዚያ «ባክቴሪያ ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ፣ ከዚያ ደግሞ አሜባ ተባለ። እኛም ቤት ቁጭ ብለን በርበሬ ቀንሺ፣ ተልባ ጠጪ፣ ቡናውን ተዪው እንላታለን። ነገሩ ግን ዓይናችን ሥር ነበር። ማዕድ ላይ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደበላች እጇን ትሰበስባለች፣ «በቃኝ» ትላለች። ቀሚሷ ወገቧ ላይ አልዘጋ ስላለ በመርፌ ቁልፍ ታያይዘው ነበር፤ ክንዷና ፊቷ ደግሞ በየሳምንቱ እየከሳ። ሆዷ እየገፋ ሌላው ሰውነቷ ሲያልቅ እያየን «ዕድሜ ነው» አልን። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ስትነሳ ኦቫሪዋ ላይ ዕጢ፣ ሆዷ ውስጥ ደግሞ ውሃ ተገኘ። የኦቫሪ ካንሰር ነበር።

ያኔ ባውቀው ኖሮ የምላትን ነው አሁን ለአንቺ የምጽፈው።

ኦቫሪ ማለት ከማህፀን ግራና ቀኝ ያሉት፣ እንቁላል የሚያመነጩት ሁለት አካላት ናቸው። እያንዳንዳቸው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። ጥልቅ ቦታ ስላሉ ዕጢ ቢያድግባቸውም እንደ ጡት በእጅሽ ዳብሰሽ አታገኚውም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ጤና ጣቢያ ሄደን የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርገን «ነጻ ነሽ» ስንባል ሁሉም የታየ ይመስለናል። አልታየም። ያ ምርመራ የሚያየው የማህፀን በርን ብቻ ነው። ማድረግሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥይበት፤ ስለ ኦቫሪሽ ግን ምንም አይነግርሽም።

ምንም ምልክት ለሌላት ሴት የሚሆን አስተማማኝ የቅድመ ምርመራ ዘዴም እስካሁን የለም። እንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ሴቶችን በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ለዓመታት ተከታትለው ነበር፤ በ2021 የወጣው ውጤት ምርመራው በዚህ ካንሰር የሚሞቱትን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳየ። ስለዚህ በዚህ በሽታ «ቶሎ መድረስ» ማለት ምልክቱ እንደጀመረ መንቃት ማለት ነው። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ አኃዝ፣ ካንሰሩ ከኦቫሪ ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ሴቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ርቆ ከተሰራጨ በኋላ ግን ወደ 30 ገደማ ይወርዳል።

ዋና ዋና ምልክቶቹ አራት ናቸው፣ ሁሉም የምናውቃቸው። ሆድ መንፋት ወይም መግፋት። የሆድ ወይም የእምብርት በታች ሕመም። ትንሽ በልቶ መጥገብ ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋት። ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ወይም አጣዳፊ መሆን። አየሽ፣ እነዚህ ሁሉ የጨጓራም፣ የሽንት ኢንፌክሽንም፣ የጾም ሽሮም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም እነሱ ናቸው። የሚለየው አዲስ መሆኑና አለመልቀቁ ነው። የምግብ ንፋት ይመጣል፣ ይሄዳል። ይኼኛው ሰንብቶ ይከርማል።

ስለዚህ ቁጠሪ። ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አውርጂና እስክሪብቶ እሰሪበት። ሆድሽ በተነፋ ቀን «ነ»፣ ባመመሽ ቀን «ሕ»፣ ቶሎ በጠገብሽ ቀን «ጥ»፣ ሽንት ባስቸገረሽ ቀን «ሽ» ብለሽ ጻፊ። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ይመቻል። በእንግሊዝ ሐኪሞች መመሪያ አንዲት ሴት በተለይ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኗት ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ በወር ከ12 ጊዜ በላይ ከታየባት መመርመር አለባት። ዕድሜሽ ከዚያ በታች ነው ብለሽ ግን አትተይው። የወር አበባሽ ከቆመ በኋላ ደም ካየሽ፣ ሆድሽ በቀናት ውስጥ ከገፋ፣ ወይም ድንገተኛ ከባድ ሕመም ከያዘሽ ወሩ እስኪሞላ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።

ሐኪም ፊት ስትቀርቢ «ሆዴን ያመኛል» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ከበሩ ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል፣ ሐኪሙ ደክሞታል፣ «ሆዴን» ስትይ እጁ ወደ ጨጓራ መድኃኒት ይሄዳል። ወረቀትሽን አውጪና እንዲህ በይ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ምልክት ከሦስት ወር በፊት አልነበረብኝም። ባለፈው ወር 17 ቀን ሆዴ ተነፍቷል፣ 14 ቀን ሁለት ጉርሻ በልቼ ጠግቤያለሁ። የጨጓራ መድኃኒት ጨርሻለሁ፣ አልተሻለኝም። ኦቫሪዬ በአልትራሳውንድ ይታይልኝ።» ይኼው ነው። ቁጥር ስትሰጪ ሐኪሙም ይሰማል። አያስፈልግም ካለሽ በትሕትና «እሺ ዶክተር፣ ታዲያ ምን ይመስልዎታል? በስንት ቀን ካልተሻለኝ ልመለስ? ለምን እንዳላስፈለገ ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ» በይ። ይሉኝታ ይይዘናል፣ አውቃለሁ። ሐኪም መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ግን ሰውነቱ ያንቺ ነው፣ ታመሽ አልጋ ላይ የምትተኚውም አንቺ ነሽ። ብቻሽን ካፈርሽ እህትሽን ወይም ባልሽን ይዘሽ ግቢ፤ አብሮሽ የገባው ሰው የተባለውን ይጻፍ።

አልትራሳውንዱ በሆድ ላይም በብልት በኩልም ይነሳል። በብልት በኩል የሚነሳው ኦቫሪን ቀረብ አድርጎ ያሳያል፤ ግንኙነት ያልጀመርሽ ከሆነ ንገሪያቸው፣ ውሃ ጠጥተሽ ፊኛሽ ሞልቶ በሆድ በኩል ይነሳል። የደም ምርመራው ደግሞ ሲኤ 125 ይባላል። ከ35 በላይ ከሆነ ሐኪሞች ይጠረጥራሉ። ግን በዚህ ቁጥር ብቻ አትደንግጪ፣ በዚህ ብቻም አትጽናኚ። በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ)፣ በኢንዶሜትሪዮሲስም (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል) ይጨምራል። የሆድ ቲቢም ከፍ ያደርገዋል፣ ውሃም ያስቋጥራል፤ እኛ አገር ሁለቱ የሚምታቱት ለዚህ ነው፣ ናሙና ተወስዶ መለየት አለበት። በሌላ በኩል ካንሰሩ ገና ጅማሬ ላይ ከሆነ በብዙ ሴቶች ቁጥሩ ደህና ሆኖ ይወጣል። ምልክቱ ካልለቀቀሽ ተመለሺ።

ውጤቱ «ሲስት አለሽ»፣ ማለትም ኦቫሪሽ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ ከሆነ አትደናገጪ። በወጣት ሴቶች አብዛኛው ሲስት በሁለት ሦስት ወር ራሱ ይጠፋል። ብቻ ጠይቂ፦ መጠኑ ስንት ነው? ውሃ ብቻ ነው ወይስ ጠጣር ነገር አለበት? በአንድ በኩል ነው በሁለቱም? ሆዴ ውስጥ ውሃ አለ? መቼ ይደገም? ጠጣር ነገር ካለው፣ ወይም የወር አበባሽ ከቆመ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ በደንብ ይታይልሽ። የሚያጠራጥር ዕጢ «በመርፌ እንቅዳው» ከተባለ ከመስማማትሽ በፊት የሴቶች ካንሰር ስፔሻሊስት ማየት እንዳለበት ጠይቂ፤ ኦቫሪ ላይ ብቻ የነበረ ካንሰር ሲበሳ ሊፈስ ይችላል። ቀዶ ሕክምናውንም በዚህ የሠለጠነ ሐኪም ቢሠራው ውጤቱ የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ እነዚህ ስፔሻሊስቶች አሉ፣ ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት፣ የደሙን ውጤት፣ ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጊ፤ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ከዜሮ አትጀምሪም።

ቤተሰብሽንም ጠይቂ። እኛ ካንሰርን በስሙ አንጠራም፤ «ክፉ በሽታ» እንላለን፣ ወይም «ሆዷ አብጦ ሞተች» ተብሎ ይታለፋል። ያቺ ሆዷ አብጦ የሞተችው አያት ማን ነበረች? ጡቷን የታመመች አክስት አለች? በአባትሽ ወገን በኩልም ጠይቂ፣ ምክንያቱም ብራካ (BRCA) የሚባለው፣ የጡትና የኦቫሪ ካንሰር የመያዝ ዕድልን የሚጨምረው የዘር ለውጥ ከአባትም ይወረሳል። ከ100 ሴቶች በሕይወት ዘመናቸው የኦቫሪ ካንሰር የሚይዛቸው አንድ ገደማ ናቸው፤ ብራካ 1 ላለባቸው ግን ወደ 40 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አሜሪካ ያላችሁ ይህን ታሪክ ለሐኪማችሁ ንገሩና የዘር ምርመራ ጠይቁ። አስተርጓሚም በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ስለ ማህፀናችሁ በልጃችሁ በኩል አታውሩ፣ ልጅ የእናቱን ሕመም ሲተረጉም እያፈረ ግማሹን ይዘለዋል።

አክስቴ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበር የተደረሰባት። ቀዶ ሕክምናውን አደረገች፣ ኬሞውን ጨረሰች፣ ፀጉሯ ተመልሶ በቅሏል። አሁን ቡና ላይ ከጎረቤት አንዷ «ሆዴን ይነፋኛል» ካለች ስኒዋን ታስቀምጥና «ስንት ቀን ሆነሽ?» ትላለች።