«ሻይ» (shy)፦ ዓይን አፋርነትን በእንግሊዝኛ ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአማርኛ «አፈረ» ብዙ ይሸከማል። እንግዳ ፊት የሚሽኮረመም ልጅ፣ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው፣ ሰው መሀል አዳልጦት የወደቀ፣ ሁሉም «አፈረ» ይባላሉ። እንግሊዝኛ ሦስቱን ይለያል፤ አብዛኛው ስህተትም ከዚሁ ይነሳል።

«ሻይ» (ዓይን አፋር) ማለት ሲገባ «አሼምድ» (ashamed) ማለት። ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። ሥራ ለመቀጠር ቀርቦ «ሰው ፊት መናገር አፍራለሁ» ለማለት «አይ አም አሼምድ» ያለ ሰው፣ ለጠያቂው ጥፋቱን የሚናዘዝ ይመስላል። «አሼምድ» ውስጥ በደል ወይም ውርደት አለ። ጠባይን ለመግለጽ «አይ አም ሻይ» ይበሉ። አዳልጦት ለወደቀው ደግሞ «ኢምባራስድ» (embarrassed) ነው፤ ያ ስሜት ቶሎ ያልፋል፣ «ሻይ» ግን አብሮ የሚኖር ጠባይ ነው።

«ሻይ»ን ሁልጊዜ በ«ማፈር» መተርጎም። ቃሉ የመጣው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሼኦኽ» ነው፤ በቀላሉ የሚደነግጥ ማለት ነው። የጀርመንኛው «ሾይ» ዘመዱ ነው። ዛሬም ፈረስ ነፋስ ያነሳውን ፌስታል አይቶ ድንገት ወደ ጎን ሲፈናጠር ግሡ ይኸው «ሻይ» ነው፤ ቁርጥ የእኛ «ደነበረ»። ደንባራ በቅሎ የሚያውቅ ሰው ቃሉን ከሥሩ ይይዘዋል። ስለዚህ «ሻይ አዌይ ፍሮም» ከአንድ ነገር መሸሽ ነው። «ዋንስ ቢትን፣ ትዋይስ ሻይ» የሚለውንም «ሁለቴ ያፍራል» ብሎ መተርጎም ምሥጢሩን ያጠፋዋል፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የተባለው እሱ ነው።

«ሻይ» ከቁጥር ጋር ሲመጣ ደግሞ ጉድለትን ያሳያል። «ቴን ዶላርስ ሻይ ኦፍ ኤ ሀንድሬድ» 90 ዶላር ነው፤ 100 ሊሞላ 10 ቀርቶታል።

ጨዋ ሴትን ለማሞገስ «ኮይ» (coy) አይበሉ። ሥሩ «ጸጥ ያለ» የሚል የላቲን ቃል ነው፣ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ። ዛሬ ግን ሆን ብሎ ለማስመሰል መሽኮርመምን ወይም እያወቁ መልስ መሸሸግን ይጠቁማል። «ባሽፉል» (bashful) ይሻላል፣ በተለይ ለሕፃን። መጀመሪያው ላይ ያለው «ባሽ» መምታት ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ግሥ «ባሽ» ጋር ዝምድና የለውም፤ ተደንቆ አፍ መክፈትን ከሚገልጽ የድሮ ፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

ይሉኝታን «ሻይ» ማለትም አይሆንም። እየራበው «ጠግቤያለሁ፣ አትቸገሩ» የሚል እንግዳ ጨዋታ አዋቂ፣ ደፋር ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው «ሂ ዳዝንት ዋንት ቱ ኢምፖዝ» ይበሉ፤ ሰው ማስቸገር አይፈልግም ማለት ነው።