የተለያዩ ኮሌጆች የሕክምና ተማሪዎች አንድ ጥናት አብረው እንዴት ይሠራሉ?

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስድስት ኪሎ እስካለው የካቲት 12 ሆስፒታል ድረስ አጭር የታክሲ መንገድ ነው። ጳውሎስም ሩቅ አይደለም። ተማሪዎቻቸው ተባብረው ቢያጠኑ የብዙ ታካሚ መረጃ ቶሎ ይገኛል፤ ውጤቱም የአንድ ሆስፒታል ብቻ አይሆንም።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡ። «ስለ ትርፍ አንጀት እናጥና» ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። «የትርፍ አንጀት ታማሚ ድንገተኛ ክፍል ከደረሰ በስንት ሰዓቱ ኦፕራሲዮን ይደረጋል?» ካላችሁ ግን ሥራ ተጀመረ። ከዚያ በየሆስፒታሉ አንድ አስተባባሪ ተማሪና አንድ አማካሪ ሐኪም ይኑር።

ቀጥሎ የሁሉ ነገር መሠረት የሆነውን የትርጉም ገጽ፣ ማለትም የምትሞሉት እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነውን ገጽ ጻፉ። «ደረሰ» ማለት ካርድ ያወጣበት ሰዓት ነው ወይስ ሐኪም ያየው? ቀኑስ በማን አቆጣጠር ነው? ቻርት ላይ 5/3/2016 የሚለው ኅዳር 5 ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ ካነበባችሁት ግን ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። ነርሷ «8፡00» ብላ የጻፈችውን ከሰዓት፣ ሐኪሙ በፈረንጅ ቆጥሮ «14፡00» ይለዋል። ዝም ብላችሁ ከቀነሳችሁ ታካሚው ያልጠበቀውን 6 ሰዓት አስጠበቃችሁት ማለት ነው። በዚህ ጥናት ውስጥ 6 ሰዓት ውጤቱን ይገለብጣል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ አቆጣጠር ይሙላ፤ ያጠራጠረው ሰዓት ምልክት ይደረግበት።

የሥነ ምግባር ፈቃዱን ቀድማችሁ ጀምሩ። ጥቁር አንበሳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጳውሎስ በጤና ሚኒስቴር፣ የካቲት 12 በከተማው አስተዳደር ሥር ናቸው። የአንዱ ደብዳቤ የሌላውን ካርድ ክፍል ይከፍታል ብላችሁ አትገምቱ፤ በየሆስፒታሉ ጠይቁ።

ፈቃድ ሲገኝ ሁለት ሰዎች ያንኑ 10 ቻርት ለየብቻ ይሙሉና ያስተያዩ። የተለያዩበት ቦታ ላይ የትርጉም ገጹን አስተካክሉ። መሙያው ኮቦቱልቦክስ የሚባለው የዳታ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። የታካሚ ስም ፎርሙ ላይ አይግባ። የቻርት ፎቶም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በፍጹም አይለጠፍ! ሰውየው ያመነው ሆስፒታሉን እንጂ ስልካችሁን አይደለም።

የደራሲነት ነገር ዳታ ሳይሰበሰብ በጽሑፍ ይለቅ። በዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ መስፈርት ዳታ መሰብሰብ ብቻውን ደራሲ አያሰኝም፤ ረቂቁን በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ማጽደቅና ኃላፊነት መውሰድም አለበት። ስለዚህ ዲዩቲ አድሮ ቻርት ሲያገላብጥ የከረመው ልጅ ረቂቁ ቀድሞ ይድረሰው፤ አንብቦ የሚያርምበት በቂ ጊዜም ይሰጠው።