“የማን ልጅ ነህ?” በማይባልበት አገር ሥራ ስትቀጠሩ

ይህን የምጽፈው ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ በቅርቡ አሜሪካ ለገባችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች ነው። እኔ እዚያ ዓመታት ሠርቼ አገሬ ተመልሻለሁ፤ ስልኬ ግን አላረፈም። ባለፈው ሰሞን ሜሪላንድ የገባው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለልኝ። እዚህ ደብረ ብርሃን መሽቶ ጋቢ ደርበን ተቀምጠናል፣ እሱ ዘንድ ገና ረፋድ ነው። አረጋውያን በሚንከባከብ ድርጅት ሥራ አግኝቷል። “እትዬ፣ ይህን ፈርመህ አምጣ ብለውኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም” አለኝ። “ካሜራውን ወደ ወረቀቱ አዙርልኝ” አልኩት።

ወረቀቱ የባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም የኋላ ታሪክን የማጣራት፣ ፈቃድ ነበር። እኛ አገር ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ “የማን ልጅ ነህ?” ይባላል፤ ቀጥሎ ደመወዝተኛ ተያዥ ያመጣል፣ ተያዡም ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ይፈርማል። እዚያ ተያዥ የለም። ስለ እናንተ የሚመሰክረው አንድ የማታውቁት ድርጅት ከፍርድ ቤት መዝገብና ከሌላም ቦታ ለቃቅሞ የሚያዘጋጀው ሪፖርት ነው። አባታችሁን የሚያውቅ፣ “ይህ ልጅ እንዲህ አያደርግም” የሚል ሰው መሐል ላይ አይገባም። ስለዚህ ወረቀቱን ራሳችሁ መጠበቅ አለባችሁ።

ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1970 የፌዴራል ሕግ፣ ቀጣሪው እንዲህ ያለ ሪፖርት ከሌላ ድርጅት ከማስመጣቱ በፊት ለብቻው በሆነ ወረቀት እንዲያሳውቃችሁና የጽሑፍ ፈቃዳችሁን እንዲቀበል ያስገድዳል። “ለብቻው” የምትለዋን አስምሩባት። የአክስቴ ልጅ ወረቀት ላይ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል፣ “ሪፖርቱ ስህተት ቢኖረው እንኳ ድርጅቱን አልከስም” የሚል አንቀጽ ተሰክቷል። እንዲህ ያለው ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። “ይህ ሳይኖርበት ስጡኝ” ብሎ በትሕትና እንዲጠይቅ ነገርኩት፤ ሌላ ቅጽ ሰጡት፣ ማንም አልተቆጣም። ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ “የሪፖርቱ ቅጂ ይላክልኝ” የሚል ሳጥን ካለም ምልክት አድርጉበት።

ይህን የማውቀው ተጎድቼበት ነው። በገባሁ በዓመቴ ግድም አንድ የመጋዘን ሥራ አግኝቼ ነበር። ሪፖርቴ ሲመጣ በሌላ ሰው የተፈጸመ ስርቆት በእኔ ስም ተመዝግቧል። የአባቴ ስም ብዙ ሰው ያለው ስም ነው፤ የልደት ቀኔም ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲለወጥ ተዛብቶ አንዱ ወረቀት ላይ ሌላ፣ ሌላው ላይ ሌላ ሆኗል። ሌባ መባሌ ከብዶኝ፣ አፍሬ፣ አንድ ቃል ሳልናገር ወጣሁ። ሥራው ቀረ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አዝንበታለሁ፣ ምክንያቱም ቀጣሪው በሪፖርቱ ምክንያት ከመከልከሉ በፊት ቅጂውንና የመብቴን ዝርዝር ሊሰጠኝ ግዴታው ነበር። ስህተቱን ደግሞ ሪፖርቱን ላወጣው ድርጅት በጽሑፍ ብቃወም፣ በጥቅሉ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማረም ነበረበት። ተከልክላችሁ ከሆነም፣ ማስታወቂያው በደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ የሪፖርቱን ቅጂ በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስማችሁን በሁሉም ቅጽ ላይ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ አድርጋችሁ ጻፉ። “ጸጋዬ”ን አንድ ቦታ በቲ-ኤስ፣ ሌላ ቦታ በኤስ ብቻ ከጻፋችሁት እዚያ አገር ሁለት ሰው ናችሁ። የትምህርትና የሥራ ታሪካችሁ ላይም አንድ ዓመት እንኳ አትጨምሩ፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ደውለው ያጣራሉ፣ የተገኘ ውሸት ደግሞ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላም ያስወጣል።

አሁን ስለ አፋችን ላንሳ። እኛ ትልቅ ሰው ሲጠይቀን ሁሉንም መናገር ጨዋነት ነው ብለን አድገናል፤ ስንት ልጅ እንዳለን፣ ባላችን የት እንዳለ፣ ባለፈው ክረምት ምን እንዳመመን። ኢንተርቪው ላይ ግን ይህ አይጠቅማችሁም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ሥራውን ለእናንተ ከማቅረቡ በፊት ስለ ሕመማችሁና ስለምትወስዱት መድኃኒት እንዳይጠይቅ ይከለክላል። መጠየቅ የሚችለው ሥራውን መሥራት መቻላችሁን ነው፤ “ይህን ያህል ኪሎ ታነሳለህ?” ቢል ልክ ነው። የፌስቡክ ፓስወርድ የሚጠይቅ ቢያጋጥማችሁ አትስጡ፤ ሜሪላንድ ይህን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ከሁሉም ግዛት ቀድማ በሕግ ከልክላለች። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁንም፣ ማለትም መንግሥት የሰጣችሁን መለያ ቁጥር፣ ቢሮውን ሳታዩ፣ ሥራው ሳይሰጣችሁ፣ በቴሌግራም ለተዋወቃችሁት “ቀጣሪ” በፍጹም አትላኩ። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ የምትኖሩበትን ጠይቁ።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎታል።

ሥራው ከቀረበላችሁ በኋላ ግን ምርመራ ይመጣል፤ በተለይ ሕሙማንና አረጋውያን ባሉበት ቤት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ልጆች ሲደነግጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ክንዳችን ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነው የቢሲጂ ክትባት ናት። ቆዳ ላይ በመርፌ የሚደረገው ምርመራ በዚህ ክትባት ምክንያት ብቻ አብጦ “አለበት” ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ መርፌው ከመወጋታችሁ በፊት ቢሲጂ ተከትቤያለሁ በሉና የደም ምርመራ ጠይቁ፤ የደሙን ምርመራ ክትባቱ አያሳስተውም። የአክስቴ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳያት፣ ነርሷ ወዲያው ገባት።

የመጨረሻው አይ-ናይን የሚባለው የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ቅጽ ነው። ሥራ በጀመራችሁ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ሰነድ ታሳያላችሁ። ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደምታቀርቡ የምትመርጡት እናንተ እንጂ ቀጣሪው አይደለም። የአክስቴ ልጅ ግሪን ካርዱ ገና በፖስታ አልደረሰም፤ የቢሮዋ ሠራተኛ “ካርዱን ካላመጣህ አይሆንም” ብላ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወለልኝ፣ ድምፁ ተሰብሯል። ፓስፖርቱን አውጥቶ የኢሚግራንት ቪዛውን ገጽ እንዲገልጥ አደረግሁት። ቪዛው ላይ ኤርፖርት የተመታው የመግቢያ ማህተም አለ፤ ያ ገጽ ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ1 ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃ ነው፣ ለአይ-ናይንም ብቻውን ይበቃል። በማግስቱ የቅጹን የሰነድ ዝርዝር ከፓስፖርቱ ጋር ይዞ ሄዶ መስመሩን በጣቱ አሳያት። አንብባ ቅጂ አነሳችና ሰኞ እንዲገባ ነገረችው።