አቮካዶ ነገ የት ይበቅላል? ካርታውን ራሳችሁ ሥሩ

የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ፍሬ ይጀምራል። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ያፈራል። ዛሬ የምትተክሉት ዛፍ የ2050 እ.ኤ.አ. ሙቀትም ያገኘዋል ማለት ነው። ቦታ ስትመርጡ ያንንም ዘመን አስቡት። ካርታው በቤት ኮምፒውተር ይሠራል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ዛፉ የሚችለውንና የማይችለውን ጻፉ። አቮካዶ ውርጭ አይወድም። ሙቀት ሲበዛበትም አበባና ለጋ ፍሬ ያረግፋል። እኔ ለሀስ ዝርያ ሦስት ገደብ አስቀምጣለሁ፦ በቀዝቃዛው ወር ዝቅተኛው ሙቀት ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ የማያንስ፣ በሞቃቱ ወር ከፍተኛው ከ32 የማይበልጥ፣ የዓመቱ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር የማያንስ። በአማራ ክልል እንዳለው እንደ ቆጋ ያለ መስኖ ካለ የዝናቡን ተዉት። 6 ዲግሪ በዛ የሚል ይኖራል። ቁጥሩ ግን የብዙ ዓመት አማካይ ነው። አማካዩ ደህና የሆነ ቦታም አንዳንድ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል፤ ለችግኝ ደግሞ አንዱ ሌሊት ይበቃዋል።

ቀጥሎ ኪውጂአይኤስ (QGIS) የተባለውን ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ጫኑ። የአየር ንብረት ካርታዎች ከሚሰጠው ከወርልድክሊም (WorldClim) ድረ ገጽ ባዮ 5ን (የሞቃቱ ወር ከፍተኛ ሙቀት)፣ ባዮ 6ን (የቀዝቃዛው ወር ዝቅተኛ ሙቀት) እና ባዮ 12ን (የዓመቱ ዝናብ) አውርዱ። የ1970–2000 እ.ኤ.አ. አማካይ ናቸው። ከዚያው የ2041–2060ን ትንበያ ጨምሩ፤ እሱ 19ኙንም የባዮ ካርታዎች በአንድ ፋይል ስለሚይዝ ቁጥር 5፣ 6 እና 12ን ብቻ ምረጡ። ትንበያውን ከአንድ የአየር ንብረት ሞዴል በላይ ውሰዱ፤ በተለይ በዝናብ ላይ ሞዴሎቹ አይስማሙም።

በኪውጂአይኤስ ውስጥ ባለው ራስተር ካልኩሌተር (ካርታዎችን ነጥብ በነጥብ በሚያሰላው መሣሪያ) ሦስቱንም ገደብ ያሟላውን ቦታ 1፣ ያላሟላውን 0 አድርጉ። ለዛሬውም ለወደፊቱም እንዲሁ። ከዚያ የወደፊቱን በ2 አባዙና የዛሬውን ደምሩበት። 3 የወጣበት ዛሬም ነገም ይሆናል። 1 ዛሬ ሆኖ በኋላ የሚከዳ ነው። 2 አዲስ የሚከፈት ነው። 0 አይሆንም። ይርጋለም አካባቢ ዛሬ አቮካዶ ያፈራል፤ ካርታችሁ እዚያ 0 ካለ ገደባችሁን አስተካክሉ።

2 ቁጥር በብዛት የምታዩት ወደ ደጋው ጠርዝ ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አየሩ በ2 ዲግሪ ከሞቀ፣ የዛሬው የ1,700 ሜትር ሙቀት 2,000 ሜትር ላይ ይገኛል። ግን ያ ደጋ ባዶ መሬት አይደለም፤ በገብስና በድንች የሚኖር ቤተሰብ አለበት።

አሁን ካርታውን ይዛችሁ ውጡ። አንዷ ነጥብ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ስለምትሸፍን ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበትን ረባዳ አታሳይም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚመታው የቱ ጋ እንደሆነ የአካባቢውን ገበሬ ጠይቁ። መረሬ አፈርም ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል። ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። በማግሥቱ ውሃው ካልሰረገ፣ ካርታው 3 ቢልም እዚያ አትትከሉ።