ስለ ስታር ትሬክ ባላንጣዎች ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

ስታር ትሬክ የተባለው የጠፈር ልቦለድ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከጀመረ ወዲህ በስሙ ብዙ ተከታታዮች ተሠርተዋል። ሁለት ወዳጆቹ ከተገናኙ ወሬው ብዙ ሳይቆይ ወደ ባላንጣዎቹ ይዞራል። ማን ይበልጣል? የቱ ነው የማይረባው? ክርክሩ ደስ ይላል። ችግሩ ተከራካሪዎቹ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱ "ማን አስፈራኝ" ለሚለው ይመልሳል። ሌላው "ማን በደንብ ተጻፈ" ለሚለው። ሦስተኛው "ማንን ጠላሁ" እያለ ይጮኻል። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ መደበላለቅ ነው። መጨረሻ መጨረሻውን እየተናገርኩ ስለምሄድ፣ ገና ያላየ ሰው ካለ አላስጠነቀቅከኝም እንዳይል። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ጠላኋት" ማለትን "አትረባም" ማድረግ

ካይ ዊንን የሚያውቅ ሰው ስሟ ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል። ዲፕ ስፔስ ናይን በተባለው ተከታታይ ውስጥ፣ ቤጆር የምትባል ፕላኔት ሕዝብ የሃይማኖት መሪ ናት። የተጫወተቻት ሉዊዝ ፍሌቸር ናት። በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ በፈገግታ ነው የመጣችው። ሰውን ሁሉ "ልጄ" ትላለች። ያቺ "ልጄ" ግን ከስድብ ትብሳለች። ብዙ ሰው "የከሸፉ ባላንጣዎች" ብሎ ከሚዘረዝራቸው መሃል ይከታታል። ለምን ስትለው፣ "ስታናድድ!" ነው መልሱ። እንዴ! ካናደደችህማ ሥራዋን ሠርታለች።

በ1996 የታየ አንድ ክፍል አለ። ዊን የቀድሞዋን ታጋይ ኪራን ታፋጥጣታለች። እናንተ መሣሪያ ነበራችሁ፤ እኔ እምነቴ ብቻ ነበረኝ ትላታለች። አምስት ዓመት ቤጆርን ይዘው በነበሩት በካርዳሲያኖች እስር ቤት መቆየቷን፣ የወረደባትን ዱላ አንድ በአንድ እንደምታስታውስ የምንሰማው ያኔ ነው። ክፉ ናት ብለን የዘጋነው ፋይል ይከፈታል። ቁስሏ ደግሞ ሌላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለቻቸው የቤጆር አማልክት አንዲት ቃል ተናግረዋት አያውቁም። ከሌላ ዓለም የመጣውን፣ እምነታቸውን እንኳ የማይጋራውን የጠፈር ጣቢያ አዛዥ፣ ሲስኮን ግን መልእክተኛቸው አደረጉት። በቤተ እምነት ደጅ ያደገ ሰው ይህን ዓይነት ቅናት ለማወቅ ስታር ትሬክ አያስፈልገውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንደኛዋ እሷ ናት።

የተዋናዩን ግርማ ለገጸ ባሕርዩ መስጠት

እዚህ ላይ የዱካት ደጋፊዎች ይነሳሉ። ጉል ዱካት ቤጆር በካርዳሲያኖች በተያዘችበት ዘመን አገሪቱን ሲገዛ የነበረ ሹም ነው። ማርክ አላይሞ ሲጫወተው ድምፁ ማር ነው። ይቀልዳል፣ ከቤጆራዊት የወለዳትን ልጁን ይወዳል፣ አንዳንዴም ከጀግኖቹ ጎን ይዋጋል። ተመልካቹ ቀስ በቀስ ይለሰልስለታል። "ኧረ ያን ያህል ክፉ አይደለም" ይባላል።

በ1997 በታየ ክፍል ራሱን ያጋለጠበት ቦታ አለ። ቤጆሮች ውለታዬን አልቆጠሩልኝም፣ እስካሁን አንድ ሐውልት እንኳ አላቆሙልኝም ብሎ ያማርራል። የረገጠው ሕዝብ እንዲያመሰግነው ይጠብቃል! ኢራ ስቲቨን ቤርና ጓደኞቹ፣ ማለትም ጸሐፊዎቹ፣ ተመልካቹ ለዱካት ማዘኑ አሳስቧቸው ነበር። በ1998 ዱካትና ሲስኮ ዋሻ ውስጥ ብቻቸውን እንዲቀሩ አደረጉ። ዱካት በዓይነ ሕሊናው ከሚያያቸው ሰዎች ጋር እየተጨቃጨቀ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ቤጆሮችን አንድም ሳላስቀር መፍጀት ነበረብኝ እስከማለት ደረሰ።

ይህ ክፍል ዱካትን አበላሸው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሐውልቱን ወሬ በደንብ ለሰማ ሰው የዋሻው ኑዛዜ ዱብ ዕዳ አይደለም። ያበላሸው በ1999 ያለቀው የመጨረሻው ሲዝን ነው። ዓይኑ ቀልቶ የክፉ መናፍስት ሎሌ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የሚያስፈራው ዓይነት ሰው፣ ራሱን ደግ አድርጎ የሚያየው ገዢ፣ ተራ ሰይጣን አምላኪ ሆኖ ቀረ። ስለ እሱ ስትከራከሩ ድምፁንና ፈገግታውን ተዉትና ያደረገውን ብቻ ቁጠሩ።

ጉልበትን መለኪያ ማድረግ

"ቦርግን ማን ይችለዋል?" ክርክሩን የሚዘጋ የሚመስለው ሰው የሚያመጣት ጥያቄ ናት። እውነት ነው፣ ቦርጎች በ1989 ኔክስት ጀነሬሽን በተባለው ተከታታይ ሲመጡ አቻ አልነበራቸውም። ድርድር አያውቁም፣ ቂም የላቸውም። የያዙትን ሰው ከማሽን ጋር አዋህደው የራሳቸው ያደርጉታል። በ1990 የተከታታዩን ጀግና ካፒቴን ፒካርድን ያዙት። ዎልፍ 359 በተባለ ቦታ በተደረገ ውጊያ 39 መርከቦች ወደሙ፣ ወደ 11 ሺህ ሰው አለቀ።

ግን ያንን ታሪክ የማይረሳ ያደረገው ቁጥሩ ነው? አይመስለኝም። እጅ ስጡ እያለ ከስክሪኑ ላይ የሚያየን የፒካርድ የራሱ ፊት መሆኑ ነው። በ1992 ደግሞ አንድ ወጣት ቦርግ በፒካርድና በመርከበኞቹ እጅ ይገባል፤ ሂዩ ይሉታል። በእሱ በኩል ቦርጎችን በሙሉ የሚያጠፋ ነገር መላክ ይቻላል። ፒካርድ፣ ያን ሁሉ ያደረጉበት ሰው፣ በመጨረሻ እንቢ ይላል። ባላንጣን ባላንጣ የሚያሰኘው ጀግናው ፊት እንዲህ ያለ ምርጫ መደቀኑ ነው።

ቮየጀር ወደተባለው ተከታታይ ስንመጣ ቦርጎች በወረቀት ላይ ያው ናቸው። ከ1997 ጀምሮ ግን አንዲት ብቸኛ መርከብ ደጋግማ ታመልጣቸዋለች፤ ፍርሃቱም በዚያው ይሄዳል። ስለዚህ "ቦርግ አንደኛ" ለሚላችሁ ሰው መጀመሪያ የየትኛው ዓመት ቦርግ እንደሆነ ጠይቁት።

በልብሱ መፍረድ

በ1967 የመጀመሪያው ተከታታይ ጀግና ካፒቴን ኪርክ ከጎርን ጋር የታገለበትን ክፍል ሁሉም ይስቅበታል። የላስቲክ እንሽላሊት ነው፣ እርምጃውም ዘገምተኛ ነው። የሚስቀው ሰው የሚረሳው የክፍሉን ጨዋታ ነው። የተጠቃው የሰፈራ ጣቢያ ጎርኖች የእኛ ነው በሚሉት ቦታ ላይ ነበር የተሠራው። ኪርክም ይህ ገብቶት ሳይገድለው ይቀራል። በዚያው ዓመት ማዕድን ቆፋሪዎችን እየገደለ ያስቸገረው ሆርታ ደግሞ እንቁላሎቿን የምትጠብቅ እናት ሆና ተገኘች። ሁለቱንም ከክፉዎች ተራ ማስገባቱ ራሱ ስህተት ነው።

ልብሱ ተሳክቶ ቢሆን እንኳ የማይድነው አርመስ ነው። የ1988ቱ ጥቁር ቅጥራን! እኛ "አክተሩ አይሞትም" ብለን ያደግን ሰዎች፣ የኔክስት ጀነሬሽኗን መርከበኛ ታሻ ያርን ያለምንም ምክንያት ሲገድላት ደንግጠናል። ድንጋጤው ግን ተዋናይዋ ዴኒስ ክሮስቢ ሥራውን ለመልቀቅ ከመጠየቋ የመጣ ነው። አርመስ ራሱ የሚለው ነገር የለውም።

በመጀመሪያ ቀን መዝጋት

ፌሬንጊዎች (አዎ፣ ስማቸው ነው) በ1987 የኔክስት ጀነሬሽን ዋና ጠላት እንዲሆኑ ነበር የታሰቡት። እየዘለሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ መጡ። ማንም አልፈራቸውም። ሆኖም ከመጀመሪያዎቹ ፌሬንጊዎች አንዱን የተጫወተው አርሚን ሺመርማን በ1993 በዲፕ ስፔስ ናይን ኳርክ የተባለ ፌሬንጊ ሆኖ ተመለሰ። ያንን የመጀመሪያውን ስም ማደስ እንደፈለገ ራሱ ተናግሯል፤ ተሳክቶለታልም። እንደ ባላንጣ ወደቁ፣ እንደ ሕዝብ ግን ቆሙ።

የከፋው ማን ነው ካላችሁ የቮየጀር ካዞኖች ናቸው። አያስፈሩም፣ አያስቁም። መርከቧ በሙሉ ፍጥነት ወደ ቤቷ እየበረረች ሁለት ሲዝን ሙሉ እነሱኑ ማግኘቷስ? መሃላቸው የገባችው ሰላይ ሴስካ ባትኖር ማን ያስታውሳቸው ነበር!

ፊልሙን ብቻ አይቶ መናገር

የኪርክን ጠላት ካንን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከ1982ቱ የስታር ትሬክ ፊልም ነው፤ በበቀል ያበደ ሰው አድርጎ። የ1967ቱን ክፍል ያየ ግን ሌላ ካን ያውቃል። ዝግተኛ፣ የተማረ፣ ንግግሩ የሚያማልል። ሪካርዶ ሞንታልባን በሁለቱም እሱው ነው። በመሃል የሆነውን መዝለል አይቻልም። ኪርክ እሱንና ሰዎቹን አንድ ፕላኔት ላይ አስቀመጣቸው፣ ከዚያ ዞር ብሎ አላያቸውም። አጠገባቸው ያለው ፕላኔት ፈነዳ፣ መሬቱ በረሃ ሆነ፣ ሚስቱም ሞተች። በፊልሙ ኪርክና ካን አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት አይገናኙም፤ የሚነጋገሩት በስክሪን ነው። ኪርክ ደህና ናችሁ ወይ ብሎ አንድ ቀን ጎራ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ካንን "እብድ ነው" ብሎ የሚያልፈው ሰው ይህንን የኪርክን ጥፋት አብሮ ያልፈዋል።