የቢላዋ ስለት ልክ መሃል ላይ እንዲወርድ በትራፓኖ ፑንታ ጫፍ አስምሩ

የመጀመሪያ ቢላዋችሁን በሞረድ እየሠራችሁ ስለቱ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ካስቸገራችሁ መላው ቀላል ነው። ቅርጹ የወጣለትን ብረት፣ ስለት የሚሆነውን ጠርዝ በማርከር አጥቁሩት። ብረቱንም የትራፓኖ ፑንታውንም (መብሻውን ዘንግ) ዝርግ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙና በፑንታው ጫፍ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ጫሩት። ከዚያ ብረቱን ገልብጣችሁ ድገሙት። በጥቁሩ ላይ ሁለት የሚያብረቀርቁ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ።

የፑንታ ጫፍ ያለው የራሱ የፑንታው ውፍረት እኩሌታ ላይ ነው። ብረቱ 3 ሚሊሜትር፣ ፑንታው 4 ከሆነ መስመሮቹ 1 እና 2 ሚሊሜትር ላይ ያርፋሉ፤ የብረቱ መሃል በመካከላቸው ነው። ከሁለቱም ጎን እስከ መስመሩ ድረስ ብቻ ሞርዱ። የቀረችውን 1 ሚሊሜትር አደራ እንዳትነኳት! ብረቱ እንዲጠነክር ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር የሳሳ ስለት ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። እሷ የምትሳለው ከዚያ በኋላ ነው።

ብረቱ ራሱ የጎበጠ ከሆነ ግን መጀመሪያ አቅኑት፤ አለዚያ መስመሩም አብሮት ይጎብጣል።